የአራት ቀን ሥራ፣ የአንድ ቀን ዋጋ

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በሒሳብ ክፍሉ የቀረበ ንግግር)



በየዓመቱ ከዚህ ቦታ ቆመን የምናነብላችሁ የገቢና የወጪ ዝርዝር ነው። ቁጠባው ይህን ያህል ደረሰ፣ ብድሩ ይህን ያህል ተመለሰ እንላለን፤ እናንተ ታጨበጭባላችሁ፤ ከዚያ ወደ ቡናው እንሄዳለን። ዘንድሮም ዝርዝሩ ተባዝቶ በእጃችሁ አለ። ዛሬ ልንነግራችሁ የመጣነው ግን ስለ አንድ የብድር መዝገብ ብቻ ነው። መዝገቡ የአንዲት ፎቶ አንሺ እህታችን ነው። እንድንናገር ፈቅዳልናለች፤ «ስሜን ግን አትጥሩ» ብላናለች። የምታውቋትም አደራ።

ይህች እህታችን ደባርቅ ነው የምትኖረው። ከአራት ዓመት በፊት ከማኅበራችን 60,000 ብር ተበድራ ያገለገለ ካሜራ ከነሌንሱና ከነፍላሹ ገዛች። ሰርግ ታነሣለች፣ ክርስትና ታነሣለች፣ ጥምቀት ታነሣለች፤ የትምህርት ቤት ምዝገባ ሲደርስ ጉርድ ፎቶ ትሠራለች። ደባርቅና ዳባት ብቻ ሳይሆን እስከ መካነ ብርሃን ድረስ እየሄደች ትሠራለች። ብድሯን በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ወር ሳታሳልፍ ከነወለዱ ከፈለች። እኛም መዝገቡ ላይ «ተከፍሎ አልቋል» ብለን ጽፈን ዘጋነው። በዚያው ዓመት ሪፖርታችን ውስጥ «ውጤታማ ተበዳሪ» ብለን አቀረብናት፤ አጨበጨባችሁላት።

አምና ግንቦት ላይ ካሜራውን በነጠላ ጠቅልላ ቢሯችን መጣች። መዝጊያው ተበላሽቶ ነበር። «ማሠሪያ የለኝም። ሽጡልኝና የተገኘውን ስጡኝ» አለችን። እኛም ገርሞን «60,000 ብር በሁለት ዓመት የከፈለች ሰው ማሠሪያ እንዴት ታጣለች?» ብለን ጠየቅናት። ትንሽ ዝም አለችና «ብድሩን መቼ ካሜራው ከፈለው! የእናቴ ጠላና ሁለት በጎች ናቸው የከፈሉት» አለችን።

እህቶቻችን፣ እኛ ሒሳብ የተማርን ሰዎች ነን። ዲፕሎማችንን አስጠርዘን ግድግዳ ላይ ሰቅለናል። ነገር ግን ብድሩ መመለሱን እንጂ ከየት እንደተመለሰ ጠይቀን አናውቅም ነበር። መዝገባችን ትክክል ነበር፤ አንዲት ሳንቲም አልጎደለችም። እህታችን ግን ከነቤተሰቧ ስትጎድል አላየንም።

የዚያን ቀን ቁጭ ብለን ከእርሷ ጋር የአንድ ሰርግ ሒሳብ ሠራን። ለእናንተም እንደዚያው እናቅርበው።

ሰርጉ መካነ ብርሃን ነው። ዋጋው 4,000 ብር። መንገዱን ታውቁታላችሁ፤ ከደባርቅ ተነሥቶ በሳንቃበር ፓርኩን አቋርጦ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነው በቧሂት በኩል አልፎ ነው የሚገባው። ለእርሷና መብራት ለሚይዝላት ልጅ የደርሶ መልስ መጓጓዣ 800 ብር። ለልጁ ድካም 500። ጎንደር ሄዶ ፎቶውን ለማሳጠብና አልበሙን ለማሠራት 1,300። ለራሷ የጎንደር ደርሶ መልስ 400። ምግብ፣ የስልክ ካርድና ሌላ ጥቃቅን 200። ድምሩ 3,200 ብር ነው። እጇ ላይ 800 ብር ይቀራል።

እርሷ ይህን 800 ብር የአንድ ቀን ገቢ አድርጋ ነበር የምታስበው። «በቀን ስምንት መቶ ምን ይወጣለታል?» ትለን ነበር። እኛ ግን ቀኖቹን እንድትቆጥር ጠየቅናት። ዋዜማውን ለመሄድ አንድ ቀን። ሰርጉ አንድ ቀን። ተመልሶ ፎቶውን ለመምረጥና ለማስተካከል አንድ ቀን። ጎንደር ለማሳጠብ አንድ ቀን። አራት ቀን ነው። 800 ለአራት ሲካፈል በቀን 200 ብር ሆነ።

ሒሳቡ በዚህ አላበቃም። ካሜራውስ? ካሜራ እንደ መሬት አይደለም፤ እየሠራ ያልቃል። ብዙዎቹ ካሜራዎች መዝጊያቸው አንድ መቶ ሺህ ወይም ሁለት መቶ ሺህ ጊዜ ያህል እንዲሠራ ታስቦ ነው የሚመረቱት። እያንዳንዷ ፎቶ ከዚያ ላይ አንድ ትቀንሳለች። እኛ የሒሳብ ሰዎች ይህን የእርጅና ቅናሽ እንለዋለን፤ እናቶቻችን ደግሞ «የበሬው ዕድሜ» ቢሉት ያው ነው። 60,000 ብር የተገዛው ካሜራ አምስት ዓመት ቢያገለግል በዓመት 12,000 ብር ይበላል። እህታችን በዓመት 24 ሰርግ ታነሣለች። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ሰርግ 500 ብር የካሜራው ነው እንጂ የእርሷ አይደለም።

ከ800 ላይ 500 ሲነሣ 300 ብር ቀረ። ለአራት ቀን። በቀን 75 ብር። በቀን ሥራ ድንጋይ የምታቀብል እህታችን ከዚህ የተሻለ ታገኛለች።

ያን ቁጥር ወረቀቱ ላይ ስንጽፈው ሁላችንም ዝም አልን። እርሷ ግን እፎይ ያለች መሰለች። «እኔ እኮ ሰነፍ የሆንሁ መስሎኝ ነበር» አለች።

ሰነፍ አልነበረችም። የሸጠችው ከዋጋው በታች ነበር። በዚህ ሙያ ላይ ያለች፣ ልትገባበትም የምታስብ እህት ሁሉ ይህን አንድ ነገር ብቻ ይዛ ብትሄድ ይበቃናል፦ በእጅ የገባ ብር ሁሉ ገቢ አይደለም። ዋጋ ስትጠሪ አራት ነገር ይኑርበት፦ የምታወጪው፣ የካሜራሽ እርጅና፣ የሠራሽባቸው ቀኖች ሁሉ ደመወዝ፣ ሥራ የሌለባቸው ቀኖች ድርሻ።

አራተኛው ይረሳል። የእኛ አገር ሰርግ ዓመቱን ሙሉ አይደለም። ከጥምቀት በኋላ ይበዛል፤ የዐቢይ ጾም ሲገባ ለ55 ቀን ይቆማል፤ ከፋሲካ በኋላ ጥቂት ይኖራል፤ ከሰኔ በኋላ ዝናቡና ጭቃው ይመጣል። በቱሪስት እንተካዋለን የሚሉ ነበሩ። እውነት ነው፣ የሰሜን ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው፤ ዋልያውንና ጭላዳውን ሊያይ ብዙ ሰው ይመጣ ነበር። ግን በ2012 ኮሮና ሲመጣ፣ ከዚያም ጦርነቱ ሲከተል እንግዳው ቀረ። እንግዳው በሚመጣበት ጊዜም የራሱን ካሜራ ይዞ ነው የሚመጣው። ስለዚህ የጥርና የየካቲት ሥራ የሐምሌንና የነሐሴን ቀለብ ጭምር መቻል አለበት።

ከዚያ በኋላ ምን አደረገች? በመጀመሪያ ወጪዋን ቀነሰች። ጎንደር ለእያንዳንዱ ሰርግ ለየብቻ መሄዷን ትታ የሁለት ሰርግ ፎቶ በአንድ ጉዞ ታሳጥባለች። የአንዱ ሰርግ ወጪ ከ3,200 ወደ 3,000 ወረደ። በዚህ ላይ ለካሜራው 500፣ ለአራት ቀን ድካሟ በቀን 500 ሒሳብ 2,000፣ ሥራ ለሌለባቸው ቀኖች 500 ጨመርን። አዲሱ ዋጋ 6,000 ብር ሆነ።

ለመናገር ፈርታ ነበር፤ እኛም ፈርተን ነበር። አንድ የሙሽራ አባት «አንቺ ልጅ፣ መጫን ብቻ አይደል እንዴ? ስልክ ያለው ሁሉ ያነሣል» አሏት። እርሷም «ልክ ነው ጋሼ፣ ስልክ ያነሣል። ስልኩ ሲጠፋ ግን ፎቶውም ይጠፋል። እኔ አልበሙን በእጅዎ አስረክባለሁ፣ ቅጂውንም አስቀምጥልዎታለሁ» አለቻቸው። እርሳቸው ተስማሙ። ያልተስማሙም አሉ። በዓመት 24 የነበረው ሰርግ ዘንድሮ 15 ሆነ፤ ዘጠኙ ሌላ ዘንድ ሄዱ።

አሁን ሁለቱን ዓመታት እናስተያይ። ድሮ 24 ሰርግ በ800 ብር 19,200 ብር ነበር፤ የካሜራው 12,000 ሲነሣ 7,200 ብር ይቀራል። ዘንድሮ 15 ሰርግ በ3,000 ብር 45,000 ብር ነው፤ የካሜራው 12,000 ሲነሣ 33,000 ብር ቀርቷታል። ባነሰ ድካም ማለት ነው። የካሜራውን ድርሻ ደግሞ በሌላ ደብተር ለብቻው ታስቀምጠዋለች። ካሜራው ከተሰበረ በኋላ ገንዘብ መፈለግ «ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» መሆኑን አይታዋለችና።

ሌላው የለወጠችው አሠራሯን ነው። ግማሹን ክፍያ አስቀድማ በቴሌብር በቀብድ ትቀበላለች፤ ቀሪውን አልበሙን ስታስረክብ። ሰርጉ ካለፈ በኋላ ገንዘብ መጠየቅ ለጠያቂውም ለተጠያቂውም ያሳፍራል። ቀኑ፣ ቦታው፣ የፎቶው ብዛት፣ የማስረከቢያው ጊዜና ዋጋው በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ይጻፋል፤ ሁለቱም ይፈርማሉ። መማር የሚጠይቅ ነገር የለበትም።

ሕጉንም በጥቂቱ እናንሣ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለፎቶግራፍ ጥበቃ ይሰጣል። ነገር ግን አንድ ሰው ወይም ድርጅት ከፍሎ ያሠራሽ ሥራ ሲሆን፣ በውል ሌላ ካልተስማማችሁ በቀር የመጠቀም መብቱ የአሠሪው ነው። ፎቶውን በኋላ ለሌላ መሸጥ ከፈለግሽ አስቀድሞ በወረቀቱ ላይ ይጻፍ። በሌላ በኩል ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 27 የሰውን ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትም ሆነ መሸጥ አይቻልም ይላል። ውኃ ቀድታ ስትመለስ ያነሣሻት እናት ፎቶዋ የእርሷም ነው፤ ጠይቂያት።

ግብርን በተመለከተ፣ ከድርጅት ጋር የምትሠሩ ሁሉ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አውጡ። ድርጅቶች ከፍ ያለ የአገልግሎት ክፍያ ሲፈጽሙ ቅድመ ግብር ይቀንሳሉ። መለያ ቁጥር ለሌላት ተቀናሹ 30 በመቶ ነው፤ ከ20,000 ብር ሥራ ላይ 6,000 ብር ማለት ነው። የተቀነሰበትን ደረሰኝ ደግሞ እንደ ገንዘብ ያዙት፤ በዓመቱ መጨረሻ ይታሰብላችኋል።

«ይህ የወንድ ሙያ ነው» የምትሉም አትጠፉም። አይዳ ሙሉነህ ኢትዮጵያዊት ናት። በአሜሪካ ለዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ ፎቶ አንሥታለች፤ አገሯ ተመልሳ እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን ዓለም አቀፍ የፎቶግራፍ ዝግጅት አዲስ አበባ ላይ ጀምራለች። ሁላችን አይዳን እንሁን ማለታችን አይደለም። ካሜራ የያዘች ሴት እንግዳ ነገር አይደለችም ለማለት ነው። እንዲያውም በእኛ አገር ሙሽራዋ ስትለብስ ጓዳ ድረስ ገብታ ለማንሣት ከወንዱ ይልቅ እርሷ ትመረጣለች።

አሁን የመጨረሻውን፣ ለመናገር የከበደንን እንናገር።

የእህታችንን ሒሳብ ስንሠራ «ያልተከፈለሽ ሥራ አለ?» ብለን ጠየቅናት። መልስ ለመስጠት አፈረች። እኛው ነበርን። የወፍጮው ቤት ሲመረቅ፣ እንግዶች ሲጎበኙን፣ ዓመታዊ ሪፖርት ሲዘጋጅ «እህታችን ናት» እያልን እንጠራታለን። ምሳ እናበላታለን፣ «እግዜር ይስጥልን» እንላታለን። ቀኖቹን ስንቆጥር 11 ሆኑ። «ውጤታማ ተበዳሪ» ብለን ያወጣነውን የራሷን ፎቶ እንኳ ያነሣችው በራሷ ካሜራ ነው፤ ልጁ ተጫነላት እንጂ። ሌላው ሰው ከዋጋ በታች ሲያሠራት እንቆጫለን፤ እኛ ግን በነፃ ነው ያሠራናት።

ለ11 ቀን በ500 ብር ሒሳብ 5,500 ብር በሥራ አመራር ኮሚቴው ውሳኔ ከፍለናታል። በዚያ ላይ ጥቂት ጨምራ ካሜራውን አዲስ አበባ ልካ አሠራችው። የዘንድሮው ጥር ሥራ የተሠራው በዚያው ካሜራ ነው። ከመጪው ዓመት ጀምሮ ደግሞ በበጀታችን ውስጥ «የፎቶግራፍ አገልግሎት» የሚል መደብ ገብቷል፤ እንድታጸድቁልን እንጠይቃለን።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ልመና አለን። ሪፖርት ስትጠይቁን «ፎቶ አያይዙ» ትሉናላችሁ፤ ትክክል ነው፣ ሥራውን ማየት አለባችሁ። ነገር ግን የፎቶውን ዋጋ በፕሮጀክቱ በጀት ውስጥ አስገቡልን። ሴቶችን በገቢ ራሳቸውን ለማስቻል የሚሠራ ፕሮጀክት በነፃ በሠራች ሴት ፎቶ መዘገብ የለበትም።

እኛም ከእንግዲህ የተበዳሪ መዝገብ ስንዘጋ «ተከፍሏል?» ብለን ብቻ አንዘጋም። «ከምን ተከፈለ?» የሚል አንድ መስመር ቅጹ ላይ ጨምረናል። ዶሮ የምታረቢም፣ ጥልፍ የምትጠልፊም፣ ሻይ የምትሸጪም ብትሆኚ ስትመጪ እንጠይቅሻለን። በእናትሽ ጠላ ከሆነ አትፈሪ፣ ንገሪን። ቁጭ ብለን አብረን እንቆጥራለን።