ስለ ዳፊ ፕሮቲንና ስለ ቪቫክስ ወባ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በ1976 እ.ኤ.አ. ሉዊስ ሚለርና ባልደረቦቹ በአሜሪካ አንድ ነገር አስረዱ። ይኸውም በቀይ የደም ሕዋሳቸው ላይ ዳፊ የተባለው ፕሮቲን የሌላቸው ሰዎች በቪቫክስ ወባ አይያዙም የሚል ነው። ከዚያ ወዲህ «አፍሪቃውያንን ቪቫክስ አይነካቸውም» የሚለው አባባል ተለመደ። ለምዕራብ አፍሪቃ ይቀርብ ይሆናል፤ ለእኛ ግን አይሆንም። በአገራችን ቪቫክስ ከፋልሲፓረም ቀጥሎ ዋነኛው የወባ ዓይነት ነው። እንዲያውም ከ2013 ወዲህ ዳፊ በሌላቸው ኢትዮጵያውያን ደም ውስጥ ሳይቀር ተገኝቷል።

ዳፊ ያለውም ሰው ሁሉ እኩል አይደለም። ፕሮቲኑ ዳፊ ኤ እና ዳፊ ቢ የሚባሉ ሁለት መልኮች አሉት፤ የሚለያዩትም በ42ኛው አሚኖ አሲድ ነው። በዚያ ስፍራ ኤ ሙል የሌለው ግላይሲን ሲኖረው፤ ቢ ኔጋቲቭ ሙል የተሸከመ አስፓርቲክ አሲድ አለው። ጎረቤቱ፤ 41ኛው ታይሮሲን፤ ሰልፌት ስለሚለጠፍበት እሱም ኔጋቲቭ ነው፤ ሰልፌቱ ሲነሣ የወባው ተሐዋስ መያዣ እጅግ ይላላል። የተሐዋሱ ማያያዣ ፕሮቲን በበኩሉ ፖዚቲቭ ሙል ያላቸው አሚኖ አሲዶች ስላሉት፤ ተቃራኒዎቹ ቢሳሳቡ የሚያስደንቅ አይደለም። እርግጥ ግላይሲን ሰንሰለቱን እንደ ልብ ያተጣጥፈዋልና፤ ነገሩን ሁሉ በሙል ብቻ መፍታት ችኮላ ይመስለኛል።

በ2011 ክሪስቶፈር ኪንግና ባልደረቦቹ እንዳሳተሙት፤ ማያያዣው ከዳፊ ኤ ጋር የሚጣበቀው ከዳፊ ቢ ይልቅ ከ41 እስከ 50 በመቶ ባነሰ መጠን ነው። በብራዚል አማዞንም ዳፊ ኤ ያላቸው ሰዎች በቪቫክስ የመታመማቸው ዕድል ዝቅ ብሎ ታይቷል። ከሁሉ ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ ግን ይህ ነው፤ ፀረ አካላት መጣበቁን የሚከለክሉት በዳፊ ኤ ላይ ይበልጥ ነው። እንግዲህ በዚህ ፕሮቲን ላይ የሚሠራ ክትባት ኤ በበዛበት አገር ተፈትኖ ቢያልፍ፤ ቢ በበዛበት ሕዝብ ዘንድ እኩል ይሠራልን?

ጥያቄው ለድሬዳዋ ሩቅ አይደለም። በ2022 በከተማችን ወረርሽኝ ተነሥቶ ተማሪዎችን ጭምር አጥቅቷል። ያ ወረርሽኝ የፋልሲፓረም ነበር፤ ፋልሲፓረምም በዳፊ በር አይገባም። ነገር ግን ያዛመተችው ስቴፈንሲ የተባለችው ትንኝ ቪቫክስንም ታስተላልፋለች፤ በከተማ የውሃ ማጠራቀሚያም ትራባለች።

ሕዝባችን ደግሞ ድብልቅ ነው። እዚሁ ሐርላ የተደረገው ቁፋሮ፤ በ2017 ይፋ እንደ ሆነው፤ ከማዳጋስካር፣ ከማልዲቭ፣ ከየመንና ከቻይና የመጡ ጌጣጌጦችን አውጥቷል። ዕቃ በተጓዘበት መንገድ ሰውም ደሙን ይዞ ይጓዛል። ስለዚህ የአማዞን ቁጥር የእኛን ቁጥር አይተካም።

የባዮሎጂ መምህራኖቻችንን የምለምነው፤ ፈቃደኛ የሆንን ተማሪዎች ስማችን ሳይጻፍ የዳፊ ዓይነታችን በፒሲአር እንዲለይ ነው። ጣቴን ለመወጋት እኔ የመጀመሪያው ነኝ።