«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ለማንበብ ጊዜ የለኝም ለምትሉ
(በሳልሚያ በዓርብ የአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

ሰብሳቢያችን አሥር ደቂቃ ብቻ ነው የሰጠችኝ። ስለዚህ መግቢያ አላበዛም። ዛሬ የመጣሁት ገንዘብ ላዋጣችሁ አይደለም፣ አትፍሩ። አንድ መጽሐፍ እንድታነቡ ልለምናችሁ ነው።

መጽሐፉ የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመ፣ ከ500 ገጽ በላይ የሆነ ልብ ወለድ። ስሙን ያልሰማ ከመካከላችን የለም። ያነበበ እጁን ያውጣ ብል ግን ስንት እጅ እንደሚወጣ እኔም እናንተም እናውቀዋለን። ስለዚህ ጉዳዬ መጽሐፉን ከሚያውቁት ጋር ሳይሆን «ይቅርብኝ» ከምትሉት ጋር ነው። ምክንያታችሁን በየሻይ ሰዓቱ ሰምቼዋለሁ፤ አንድ በአንድ ልመልስ።

የመጀመሪያው «ጊዜ የለኝም» ነው። እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የኩዌት የቤት ሠራተኞች ሕግ፣ ቁጥር 68፣ በሳምንት አንድ የእረፍት ቀን ሰጥቶናል። የሥራውንም ሰዓት በቀን ከ12 እንዳይበልጥ ወስኗል። በተግባር ዓርብን የምታገኝና የማታገኝ እንዳለች ሁላችንም እናውቃለን፤ ዛሬ እዚህ ያልመጡት እህቶቻችን ምስክር ናቸው። ግን እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። በቀን አሥር ገጽ ብታነቡ ሁለት ወር አይፈጅም። አምስት ገጽ ብታነቡ አራት ወር አይሞላም። ኮንትራታችን ደግሞ ሁለት ዓመት ነው። ማታ ተኝተን ስልክ ላይ የሰው ሠርግና የሰው ጠብ ስናይ የምናጠፋውን ጊዜ አልቆጥርባችሁም፣ እኔም አለሁበት። ከዚያ ላይ ግማሽ ሰዓት ብቻ ቆንጥሩለት ነው የምለው።

ሁለተኛው «ማንበብ ይከብደኛል፣ ትምህርቴን ያቋረጥኩት ገና ልጅ ሆኜ ነው» የሚለው ነው። ይሄ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ለዚህም መፍትሔ አለ። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ ይህን መጽሐፍ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅት ላይ ተርኮታል። ያ ድምፅ ዛሬም በዩቲዩብ ይገኛል። ሰውየው ሲያነብ ሽማግሌው ሽማግሌ፣ ባላገሩ ባላገር ሆኖ ይመጣላችኋል። ልብስ ስትተኩሱ፣ ሽንኩርት ስትከትፉ ልትሰሙት ትችላላችሁ። ማዳፎ ግን በአንድ ጆሮ ብቻ አድርጉ፤ ማዳም ስትጣራ ካልሰማችሁ ጣጣው ለእናንተ ነው። ፊደል የሚያደናቅፋችሁ ደግሞ መጽሐፉን ገልጣችሁ ድምፁን እየተከተላችሁ በጣት ሂዱ። ጆሮ ቀድሞ ሲሄድ ዓይን እየለመደ ይከተላል።

ሦስተኛው «የድሮ ነገር ነው፣ የፊውዳል ዘመን ታሪክ ለኔ ምኔ ነው?» የሚለው ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ዋናው ጉዳዬ ይሄ ነውና።

ታሪኩ የሚጀምረው ጎጃም ውስጥ ማንኩሳ ላይ ነው። ቦጋለ መብራቱ ድሃ ነው። በሰው ቤት ተቀጥሮ ነው የሚያድረው። በኋላ ያገባት ውድነሽ በጣሙ ያሠራችው የነበረች ሴት ናት። ባሎቿ እየሞቱባት ሰው ሁሉ ገፊ ናት ብሎ የሸሻት። በሰው ቤት ማደር ምን እንደሆነ፣ ስም ሲወጣብን ምን እንደሚያም ለእኛ ማን ይነግረናል? የመጽሐፉን መጀመሪያ እዚህ ያለ ሰው ሲያነበው አዲስ አበባ ሶፋ ላይ ከተቀመጠው ሰው የበለጠ ይገባዋል ብዬ ነው የማምነው።

እነዚህ ባልና ሚስት በዛብህ የሚባል ልጅ ይወልዳሉ። ልጁ ሕመም ይበዛበታል። እንዳይሞትባቸው ስለት ይሳላሉ፦ ከዳነ ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ ይሆናል፤ ሚስት አያገባም። ልጁ ዳነ። ስለቱን ግን የተሳሉት እነሱ ናቸው፤ ዕድሜውን ሙሉ የሚከፍለው እሱ ነው።

እስቲ ቆም ብለን እናስብ። ከመካከላችን ስንቶቻችን ነን ስለት የሆንነው? የአባት ቤት ቆርቆሮ እንዲለብስ፣ ወንድም እንዲማር፣ የእናት መድኃኒት እንዳይቋረጥ ተብሎ «አንቺ ሂጂ» የተባልነው? ማንም በክፋት አላለንም። የበዛብህ እናትና አባትም ክፉዎች አይደሉም። ልጃቸውን ከዓይናቸው ብሌን ይልቅ ይወዱታል። ደራሲው ያሳዩን ይሄንን ነው፦ ሰው በጠላት ብቻ ሳይሆን በሚወዱትም እጅ ይታሰራል። እኛ ይሄን ነገር በልባችን እናውቀዋለን፤ አፍ አውጥተን ስንናገረው ግን ቤተሰብ ያማን ይመስለናል። መጽሐፉ ማንንም ሳያማ ይናገርልናል። ካነበባችሁት በኋላ ሐዋላ ስትልኩ በፍቅር ትልካላችሁ፣ «ለእኔስ ምን ቀረ?» ብላችሁም ትጠይቃላችሁ። ሁለቱ አብረው መሄድ ይችላሉ።

በዛብህ አድጎ፣ ተምሮ፣ ዲማ ላይ በፊታውራሪ መሸሻ ቤት አስተማሪ ሆኖ ይገባል። የሚያስተምራት የፊታውራሪውን ልጅ ሰብለ ወንጌልን ነው። ሰብለ የባላባት ልጅ ናት፤ ያልበላችው፣ ያልለበሰችው የለም። ግን ከቤት አትወጣም። «በዘር የሚመጥናት የለም» እየተባለ ጠያቂው ሁሉ ይመለሳል፣ ዓመቱም ይሄዳል። የሚጠበቀው የአባቷ ክብር ነው፤ የሚያልፈው ግን የእሷ ዕድሜ። ከዚያ ፊደል ይዞ የመጣ የድሃ ልጅ ፊቷ ይቀመጣል። ፍቅሩ የተጀመረው በትምህርት ነው፤ ይሄ በጣም ደስ ይለኛል። ትልቅ አጥር ባለው ቤት ውስጥ፣ መስኮት ላይ ቆማ መንገዱን የምታይ ሴት ምን እንደሚሰማት ለሳልሚያ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አልነግራችሁም። ሰብለ ወንጌል ግን ተቀምጣ የምታለቅስ ሴት ብቻ እንዳትመስላችሁ። አንድ ቀን ትነሣለች፤ እንዴት እንደተነሣች ደግሞ ራሳችሁ ድረሱበት።

ወንድሞቼ፣ በተለይ ሾፌሮችና ጥበቃዎች፣ «የፍቅር መጽሐፍ የሴት ነው» ስትሉ ሰምቻለሁ። እናንተን የሚጠብቃችሁ አበጀ በለው ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ባላገሮቹን አምጡ ሲሉ ባላገሮቹ ተባብረው እምቢ ይላሉ። ፊታውራሪው ሊቀጧቸው ይዘምታሉ። አበጀ በለው የሚመራቸው ገበሬዎች ምን እንዳደረጓቸው ስታነቡ ብቻችሁን ትስቃላችሁ። ደግሞም ለማኅበር ሰው ትምህርት አለው፤ አንድ ሰው ብቻውን እምቢ ሲል እብድ ይባላል፣ መንደር ሙሉ እምቢ ሲል ግን ይደመጣል።

እብድ ካልኩ አይቀር ጉዱ ካሳን ልጥራ። እውነት ስለሚናገር እብድ የተባለ ሰው ነው። በየቤታችን፣ በየክፍላችን አንዲት ጉዱ ካሳ አለች። ሁላችን ዝም ያልነውን ትናገራለች፣ እኛም «እሷ እኮ ልክ አይደለችም» ብለን እንተዋታለን። መጽሐፉን ካነበባችሁ በኋላ ያቺን ልጅ በሌላ ዓይን ነው የምታዩአት።

አራተኛው ምክንያት «አሳዛኝ ነው፣ ሐዘን እዚህም ሞልቶኛል» ነው። አሳዛኝ ነው፣ አልዋሻችሁም። ርዕሱም አይዋሽም። ግን በየመሐሉ ሳቅ አለው። የፊታውራሪው ጉራ፣ የመኳንንቱ ወሬ፣ የሽማግሌዎቹ ነገር አዋቂነት። ደግሞ ሐዘን ሁሉ አንድ አይደለም። ለብቻ ተይዞ የሚብላላ ሐዘን አለ፤ ሌላ ሰው ቃል አግኝቶለት ስታነቡት የሚቀል ሐዘን አለ። እዚህ አገር ቀኑን ሙሉ በተሰባበረ ዓረብኛ «አዎ ማዳም፣ እሺ ባባ» ስንል እንውላለን። ማታ ላይ ለራሳችን ነገር ቃሉ ይጠፋብናል። አማርኛችን እየደረቀ ነው። ይህ መጽሐፍ በአማርኛ ምን ምን ማለት እንደሚቻል ያስታውሰናል።

ደራሲውንም ባዕድ አታድርጓቸው። በ1902 ዓ.ም. ጎጃም የተወለዱ፣ ዲማ ጊዮርጊስን ጨምሮ በአብነት ትምህርት ቤቶች የተማሩ ሰው ናቸው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ተዋግተው ተማረኩ፤ ጣሊያን ወስዶ ፖንዛና ሊፓሪ በሚባሉ ደሴቶች ለዓመታት አሰራቸው። ከባሕር ማዶ፣ መመለሻው ሳይታወቅ ውኃውን እያዩ መቀመጥን ያውቁታል። እኛ በባሕር ዳርቻው መንገድ ስንሄድ ማዶውን እያየን የምናስበውን ሳያስቡት የቀሩ አይመስለኝም።

አንዳንዶቻችሁ ደግሞ «ገበሬና ፊታውራሪ አይጥመኝም፤ ሳይንስና ስለላ ያለበት ነገር ስጪኝ» ትሉኛላችሁ። መልካም። ይስማዕከ ወርቁ በ2001 ዓ.ም. ያሳተመው «ዴርቶጋዳ» አለላችሁ። የጣናን ገዳማት ከሕዋ ሳይንስ ጋር ያገናኘ፣ ስለላም ፍቅርም ያለበት፣ በውጭ አገር ያሉ ኢትዮጵያውያን ምሁራን ነገር የሚነሣበት ልብ ወለድ ነው። ቶሎ ይነበባል። በእሱ ጀምሩ፤ ዓይናችሁ ገጽ መግለጥ ሲለምድ ወደ «ፍቅር እስከ መቃብር» ኑ። አላስቸኩልም።

አሁን ወደ ሥራው። እንደ ዕቁብ እናድርገው። ማኅበሩ ጋ ያሉትን ቅጂዎች በዕጣ እናዞራለን። ዕጣ የደረሳት ለአራት ዓርብ ትይዘዋለች፤ ካልጨረሰች ትናገርና ተራዋን ትደግማለች። መጽሐፍ ወደ ቤት ማስገባት የሚያስቸግራችሁ የድምፁን መገኛ በስልካችሁ እንልክላችኋለን። ዓርብ የማይሰጣችሁም አትቀሩም፤ ማታ ማታ በቡድናችን በድምፅ መልእክት የደረሳችሁበትን ትነግሩናላችሁ። ወደፊት ያነበበ ሰው ግን መጨረሻውን እንዳይናገር! የተናገረ ለአንድ ወር የስብሰባውን ቡና ያፈላል።

አንድ ነገር ብቻ ቃል ግቡልኝ፦ የመጀመሪያዎቹን 50 ገጾች ሳትሰለቹ ሂዱ። ማንኩሳን ተሻግራችሁ ዲማ ከደረሳችሁ በኋላ እኔ አልለምናችሁም፤ ሰብለና በዛብህ ራሳቸው ይይዟችኋል። መዝገቡ በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ስትወጡ ስማችሁን አስመዝግቡ።