ስምም እንደ እህል ይሰረቃል
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)





በምሥረታ በዓል ላይ ስለ ምርት፣ ስለ ግብዓት አቅርቦትና ስለ ገበያ ትስስር መነጋገር የተለመደ ነው። የዚህ ንግግር ርዕስ ግን ከመጋዘኑ ወጣ ያለ ይመስላል፤ ርዕሱ የማንነት ስርቆት ነው። የማንነት ስርቆት ማለት አንድ ሰው የሌላውን ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ የጣት አሻራ ወይም የሚስጥር ቁጥር ይዞ «እገሌ ነኝ» በማለት የእገሌን ገንዘብ መውሰድ ወይም በእገሌ ስም መበደር ነው። አርሶ አደሩ የምርቱን ዋጋና የትርፍ ክፍፍሉን በባንክ ሒሳብና በስልክ መቀበል ከጀመረ ወዲህ፣ ስሙን መጠበቅ እህሉን ከመጠበቅ ተለይቶ አይታይም።

ቀድሞና ዛሬ

በሰው ስም መነገድ አዲስ ነገር አይደለም። በተፋቀ ደረሰኝ ወይም በሐሰተኛ ማኅተም የሌላውን ድርሻ የወሰደ ሰው በየዘመኑ ነበር። ይሁን እንጂ ሌባው በአካል መገኘት ነበረበት። በማኅበሩ ሚዛን ፊት የሚቆመውን ገበሬ ሚዛን ያዡ በመልኩ፣ ገንዘብ ያዡ በአባቱ ስም፣ ተራ የሚጠብቁት ጎረቤቶቹ በድምፁ ያውቁታል። በክፍያ ሰነዱ ላይ አውራ ጣቱን የሚያሳርፈውም በእነዚህ ሁሉ ዓይኖች ፊት ነው። አታላዩ አንዱን ቢያታልል እንኳ መንደሩን ሁሉ ማታለል አይሆንለትም ነበር።

ዘመናዊው ቴክኖሎጂ ይህንን አጥር በሦስት በኩል ከፍቶታል። አንደኛው ርቀት ነው። ማሽን የሚጠይቀው ቁጥሩን ወይም አሻራውን እንጂ የባለቤቱን ዘመድ አዝማድ አይደለም፤ ስለዚህ ሌባው የትም ሆኖ ሊሠራ ይችላል። ሁለተኛው ብዛት ነው። የወረቀት መዝገብ ለመስረቅ ጆንያ ያስፈልጋል፤ የአሥር ሺህ አባላት ስምና ቁጥር ግን ጥፍር በምታክል የስልክ ሜሞሪ ላይ ይገለበጣል። በ2017 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኤኩፋክስ ከተባለው የብድር መረጃ ድርጅት ወደ 147 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች የግል መረጃ የተሰረቀው በዚህ ዓይነት ቅጂ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ስርቆቱ አለመታወቁ ነው። በሬው የተሰረቀበት ገበሬ ሲነጋ በረቱን አይቶ ይጮኻል፤ የመታወቂያው ቁጥር የተገለበጠበት ግን መታወቂያው ኪሱ ውስጥ ስላለ የጎደለበት ነገር ያለ አይመስለውም።

ከሕንድ መንደሮች የሚገኝ ትምህርት

በሕንድ አድሃር የሚባለው ባለ 12 አሃዝ መታወቂያ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ለሚሆኑ ሰዎች ተሰጥቷል። የባንክ ቅርንጫፍ በሌለባቸው መንደሮችም አንድ ገበሬ ወኪሉ ዘንድ ሄዶ የመታወቂያ ቁጥሩን በመናገርና ጣቱን በአሻራ ማንበቢያ ላይ በማሳረፍ ገንዘብ እንዲያወጣ ተመቻቸ። የሚስጥር ቁጥር ማስታወስ ለሚቸግረው ሰው ትልቅ እፎይታ ነበር።

ነገር ግን ሌቦች የገበሬውን አሻራ የሚያገኙበት ቦታ አላጡም። የመሬት ሽያጭና ምዝገባ ሰነዶች ላይ የባለቤቶቹ አሻራ ሰፍሯል፤ ሰነዶቹም በአንዳንድ ግዛቶች በመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ይገኙ ነበር። በ2018 እ.ኤ.አ. በቴላንጋና ግዛት አንድ የሲም ካርድ ሻጭ ከእነዚህ ሰነዶች አሻራ እየገለበጠ በሺዎች የሚቆጠሩ ሲም ካርዶችን በሰው ስም ሲያወጣ ተይዟል። ከዚያም በኋላ ሌሎች ሌቦች በዚሁ መንገድ የሰው ጣት አስመስለው እየሠሩ ከባንክ ሒሳብ ገንዘብ አውጥተዋል። መታወቂያውን የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ባለቤቱ አሻራውን እንዲቆልፍ የሚያስችል አሠራር ያለው ሲሆን፣ በ2023 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጣቱ የሕያው ሰው መሆኑን የሚለይ ዘዴ በሥራ ላይ አውሏል።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። የሚስጥር ቁጥር ቢሰረቅ በማግስቱ ይለወጣል፤ አውራ ጣት ግን አይለወጥም። አሻራ የሰፈረበት ወረቀት ሁሉ እንደ ገንዘብ ሊጠበቅ ይገባል።

በኢትዮጵያ ያለው ሁኔታ

በኢትዮጵያ ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም.፣ ኤምፔሳ ደግሞ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሥራ ጀምረዋል። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገው የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያም የአሥር ጣቶችን አሻራ፣ የዓይን አሻራንና የፊት ምስልን ይመዘግባል። ጥቅሙ አያጠያይቅም፤ ገንዘብ በመቀነት ቋጥሮ በምሽት ከገበያ የሚመለስ ሰው የሚያድርበትን ስጋት ሁሉም ያውቀዋል።

አታላዮችም አብረው መጥተዋል። የተለመደው ዘዴ «ከቴሌ ነው፤ ሽልማት ደርሶዎታል፤ አሁን በመልእክት የሚገባልዎትን ቁጥር ይንገሩን» የሚለው ነው። ደዋዩ በዚያች ደቂቃ የገበሬውን ስልክ ቁጥር በራሱ ስልክ ላይ አስገብቶ ሒሳቡን ለመክፈት እየሞከረ ነው። ድርጅቱ «በእርግጥ ባለቤቱ ነው?» ብሎ ለማጣራት ለገበሬው ቁጥር ይልካል። ገበሬው ቁጥሩን ሲናገር በሩን በገዛ እጁ ከፈተ ማለት ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ነው።

ድምፅና መልክም ማስተማመኛ መሆናቸው እየቀረ ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. በሆንግ ኮንግ የአንድ ዓለም አቀፍ የምህንድስና ድርጅት ሠራተኛ፣ በቪዲዮ ስብሰባ አለቆቹን ያየ መስሎት ወደ 25 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ አስተላልፏል። መልካቸውም ድምፃቸውም በኮምፒዩተር የተሠራ ነበር። በመሆኑም «አባዬ፣ ታምሜአለሁ፣ ገንዘብ ላክልኝ» የሚል የልጅ ድምፅ ሲሰማ፣ ስልኩን ዘግቶ በሚታወቀው ቁጥር መልሶ መደወል ያስፈልጋል።

ማንበብ ለማይችል አባል ግን «የሚስጥር ቁጥርህን ለማንም አትንገር» ማለት ብቻውን ምክር አይሆንም። ገንዘቡን ለማውጣት የግድ ለአንድ ሰው ይናገራል፤ ያም ሰው ብዙውን ጊዜ አጠገቡ የተገኘው ነው። የሚሻለው ቁጥሮቹን በስልኩ ላይ ባሉበት ቦታ ለይቶ ራሱ እንዲነካ ታግሦ ማለማመድ ነው። እስኪለምድ ድረስም የሚረዳውን አንድ የቤተሰብ አባል ራሱ ይምረጥ፤ ወኪሉ ወይም መንገደኛው አይምረጡለት።

የማኅበራቱ ድርሻ

ከሁሉ በላይ ሊታሰብበት የሚገባው የማኅበራቱ የራሳቸው መዝገብ ነው። የአባላት ስም፣ ስልክ፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ የማሳ ስፋትና የመታወቂያ ቅጂ በአንድ ቦታ የሚገኘው በማኅበሩ ቢሮ ነው። ለሌባ ከዚህ የተሻለ ጎተራ የለም። የትርፍ ክፍፍል ዝርዝር በግድግዳ ላይ መለጠፉ ለግልጽነት ተገቢ ነው፤ ለዚህ ግን ስምና የገንዘብ መጠን ይበቃል። የስልክ፣ የሒሳብና የፋይዳ ቁጥር አብሮ የሚለጠፍበት ምክንያት የለም። ያረጀ ዝርዝርም ለዕቃ መጠቅለያ ከሚሆን ይቃጠል።

የሒሳብ ወይም የስልክ ቁጥር ይለወጥልኝ የሚል አባል ሲኖር ጥያቄው በስልክ አይስተናገድ። አባሉ በአካል ቀርቦ፣ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ባሉበት ይፈጸም። መታመም ወይም ርቀት ካገደው ኮሚቴው ቤቱ ድረስ ይሂድ። ባንክና የስልክ ድርጅት የሌላቸው፣ ማኅበራት ግን ያላቸው ሀብት ይህ ነው፤ አባላት ይተዋወቃሉ። ቴክኖሎጂው የከፈተው አጥር የሚጠገነው በዚህ ነው።

ሕጉም ከጎናቸው ነው። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በኮምፒዩተር አማካይነት የሚፈጸም የማንነት ስርቆትን ወንጀል አድርጎታል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰው መረጃ የሚይዝ ሁሉ በኃላፊነት እንዲጠብቀው ያዛል። ስርቆት የደረሰበት ወይም የተጠራጠረ አባል በዚያው ሰዓት ለባንኩ፣ ለስልክ ድርጅቱና ለፖሊስ ያሳውቅ፤ የኢትዮ ቴሌኮም የደንበኞች አገልግሎት ቁጥር 994 ነው። ተታለልኩ ብሎ አፍሮ ዝም ማለት ለሌባው ጊዜ መስጠት ነው፤ ያልተነገረው ማታለያም ነገ በጎረቤት ላይ ይደገማል።

ሳይደርቅ በእርጥብ፣ ሳይርቅ በቅርብ እንደሚባለው፣ ጉዳት ሳይደርስ በየማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ ቢመከርበት የዚህ በዓል አንዱ ፍሬ ይሆናል።

መልካም የምሥረታ በዓል!