የሕዋስ እርጅናና የካንሰር በሽታ
(ለመምህራን ማኅበር ጉባኤ የተደረገ ንግግር)



ከጥቂት ጊዜ በፊት ስለ ሕዋሳት ሳስተምር አንድ ተማሪ ተነሥቶ፤ «ያረጀ ሕዋስ መከፋፈሉን የሚያቆም ከሆነ፤ ካንሰርም ያለ ልክ መከፋፈል ከሆነ፤ በካንሰር ይበልጥ የሚያዙት አረጋውያን የሆኑት ስለ ምንድን ነው?» ሲል ጠየቀኝ። በዚያን ቀን የሰጠሁት መልስ ጎደሎ ነበረ። ዛሬ በፊታችሁ የቆምሁት ጉድለቱን ለመሙላት ነው።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1912 ዓ.ም.፤ የኖቤልን ሽልማት በተቀበለበት ዓመት፤ አሌክሲስ ካሬል የተባለው ሐኪም ከጫጩት ፅንስ ልብ የወሰደውን ሥጋ በመስተዋት ዕቃ ማሳደግ ጀመረ። ሥጋው ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ኖረ ስለ ተባለ፤ ሕዋስ ከአካል ተለይቶ ያለ ፍጻሜ ሊከፋፈል ይችላል የሚለው ትምህርት ጸንቶ ቆየ። በ1961 ዓ.ም. ግን በፊላዴልፊያ ከተማ በዊስታር ተቋም ሌናርድ ሄይፍሊክና ፖል ሙርሄድ የሰው ፅንስ ሕዋሳት 50 ጊዜ ያህል ከተከፋፈሉ በኋላ እንደሚቆሙ ገለጡ። ምክንያቱ የምግቡ ጉድለት እንዳይሆን ለማረጋገጥም፤ ብዙ ጊዜ የተከፋፈሉ የወንድ ሕዋሳትን ጥቂት ጊዜ ከተከፋፈሉ የሴት ሕዋሳት ጋራ በአንድ ዕቃ ቀላቀሉ። በመጨረሻ የተገኙት የሴቶቹ ብቻ ነበሩ። ምግቡም ዕቃውም አንድ ስለ ነበረ፤ ቆጠራው በራሱ በሕዋሱ ውስጥ መሆኑ ታወቀ።

ይህ ቆጠራ የሚካሄደው ቴሎሜር በሚባለው በክሮሞሶም ጫፍ ነው፤ ሕዋሱ በተከፋፈለ ቍጥር ጫፉ ያጥራል። አብዛኞቹ የካንሰር ሕዋሳት ግን ቴሎሜሬዝ በተባለው ኤንዛይም ጫፉን መልሰው ስለሚቀጥሉ አያልቅባቸውም። ከዚህም ሌላ፤ ዕድገትን የሚያዝ ጂን ሲበላሽ ሕዋሱ ያለ ጊዜው አርጅቶ ሊቆም ይችላል። ስለዚህ እርጅና የካንሰርን መንገድ የሚዘጋ የበር ዘበኛ ነው።

ታዲያ የተማሪው ጥያቄ እዚህ ላይ ይነሣል። ያረጀው ሕዋስ መከፋፈሉን አቆመ እንጂ አልሞተም። ብግነት የሚያስነሡ ልዩ ልዩ ነገሮችን ወደ ጎረቤቶቹ ይረጫል። በወጣትነት ጊዜ የሰውነት መከላከያ አብዛኛውን ጠራርጎ ያስወግደዋል፤ ዕድሜ ሲገፋ ግን ይከማቻል። በሌላም በኩል በዓመታት ብዛት የጂን ጉዳት ይበዛል። እንግዲህ ተረኛ ሳይተካው በሩ ላይ የተረሳ ዘበኛ ብርዱን ለመከላከል ባነደደው እሳት ቤቱን እንደሚያቃጥል ሁሉ፤ ለጥበቃ የቆመው ሕዋስ ለጎረቤቱ ካንሰር ምቹ ሁኔታ ሊፈጥር ይችላል ማለት ነው።

ለሕክምናም ይህ ነገር ከባድ ቁም ነገር አለው። የካንሰር መድኃኒትና ጨረር አንዳንዱን ሕዋስ ይገድላሉ፤ አንዳንዱንም ያስረጃሉ። ዕጢው ማደጉን ስለሚያቆም ጥቅም ነው፤ ነገር ግን የቀረው ያረጀ ሕዋስ ብግነት ሊያመጣ፤ አልፎ አልፎም ተመልሶ መከፋፈል ሊጀምር ይችላል። ስለዚህ ተመራማሪዎች አስቀድሞ ማስረጀት፤ ቀጥሎም ያረጀውን ማስወገድ የሚል ሁለት ደረጃ ያለው ሕክምና በመፈተን ላይ ናቸው። በ2011 ዓ.ም. በማዮ ክሊኒክ ፈጥነው እንዲያረጁ በተደረጉ አይጦች ላይ ያረጁት ሕዋሳት ሲወገዱ አንዳንድ የእርጅና ሕመሞች መዘግየታቸው ታይቷል። ይሁን እንጂ አይጥ ሰው አይደለም፤ ያረጀ ሕዋስም ቁስል እንዲድን ስለሚረዳ ሁሉንም መጥረግ ያለ ጉዳት አይሆንም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ የመምህር ቃል በየቤቱ ይገባል። ስለዚህ «የእርጅና መድኃኒት ተገኘ» የሚል ወሬ ሰምቶ ሐኪሙ ያዘዘለትን ሕክምና የሚተው ሰው እንዳይኖር ማስተማር የኛ ፈንታ ነው። በሰውነቱ ላይ እብጠት ወይም የማይድን ቁስል ያየ ሁሉ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም እንዲሄድ እንምከር። ከዚህም ጋራ ለተማሪዎቻችን የካሬልን ስሕተት አንደብቅባቸው፤ የታላቅ ሰው ቃል እንኳ በፈተና እንደሚታረም ይወቁ። እኔም ለዚያ ተማሪ የቀድሞው መልሴ ጎደሎ እንደ ነበረ በጓደኞቹ ፊት እነግረዋለሁ።