ቦርዱ ላይ ከመፍረድ በፊት፦ የዕቃ ማጠቢያ ማሽን የኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ ምርመራ



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ራሴ ስሕተት ነው። ከባሕር ዳር ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው አዴት የሚኖሩ አንዲት እናት፣ ልጃቸው ከውጭ አገር የላከችላቸው የዕቃ ማጠቢያ ማሽን የብልሽት ምልክት እያሳየ ውኃ አልቀበል ሲል እኔን አስጠሩ። ፈታሁት፤ ለካሁት፤ «ቦርዱ ተቃጥሏል» ብዬ ፈረድሁ። ልጃቸውም አዲስ ቦርድ ገዝታ ላከች። ተገጠመ። ማሽኑ ያንኑ ምልክት አሳይቶ ቆመ።

«ልጄ፣ አሁንስ ምን ሆነ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ስሕተቱ ከአለካኬ የመጣ ነበር። በቦርዱ ላይ የውኃ ማስገቢያ ቫልቩን የሚያበራና የሚያጠፋ ትራያክ አለ። እኔ የቫልቩን የሽቦ ማገናኛ ነቅዬ፣ ማሽኑ ሥራ ሳይጀምር በመልቲሜትር ስለካ 190 ቮልት ገደማ አነበብሁ። ጠፍቶ ሳለ ካሳለፈ ትራያኩ ሾርት አድርጓል ብዬ ደመደምሁ። ትራያክ ግን ዝግ ሆኖም ጥቂት ከረንት ያሾልካል፤ ለጥበቃ ከጎኑ የሚታሰሩት ሬዚስተርና ካፓሲተር ደግሞ ይጨምሩበታል። የዲጂታል መልቲሜትር የውስጥ ሬዚስታንስ 10 ሜጋ ኦም ገደማ ስለሆነ ያችን ኢምንት ከረንት ትልቅ ቮልቴጅ አስመስሎ ያሳያታል። የቫልቩ ኮይል ግን ጥቂት ኪሎ ኦም ብቻ ነው፤ እንደ ተሰካ ብለካው ኖሮ ያ ቮልቴጅ ይኮሰምን ነበር።

ስመለስ አሮጌውን ቦርድ መልሼ ገጠምሁ። ማሽኑን ከኤሌክትሪክ ነቅዬ የመልቲሜትሩን ገመዶች በቫልቩ ጫፎች ላይ በመቆንጠጫ አሰርሁ፤ ከዚያ ሰክቼ፣ እጄን ሰብስቤ አስጀመርሁት። (220 ቮልት ባለበት እጅ እየሰደዱ መለካት ጀግንነት አይደለም።) ከመጀመሩ በፊት 12 ቮልት፤ ውኃ መቀበያው ሰዓት ሲደርስ 220። ቦርዱ ትእዛዙን ሰጥቷል። ቫልቩም ድምፅ አሰማ። ውኃው ግን የሚወርደው ክር ያህል ነው።

ያን ጊዜ ቀና ብዬ ሮቶውን አየሁት። የቧንቧ ውኃ በፈረቃ መምጣት ሲጀምር ቤተሰቡ ማሽኑን ከሮቶው ጋር አገናኝቶት ኖሯል፤ ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። 10 ሜትር የውኃ ከፍታ የሚሰጠው 1 ባር ገደማ ነው፤ ያ ሮቶ ከቫልቩ 3 ሜትር ያህል ቢበልጥ ነው፤ ስለዚህ 0.3 ባር። የማሽኑ መመሪያ ቢያንስ 0.5 ባር ይጠይቃል። የዚህ ዓይነት ቫልቭ በኤሌክትሪክ የሚከፍተው ትንሿን ቀዳዳ ብቻ ነው፤ ዋናውን የጎማ ሽፋን የሚያነሣው የውኃው የራሱ ግፊት ነው። ግፊቱ ሲያንስ ሽፋኑ በቅጡ አይነሣም። መቆጣጠሪያው በተወሰነለት ጊዜ ውኃው ልኩ ላይ ካልደረሰ «አልሞላም» ይላል፤ ለምን እንዳልሞላ አያውቅም።

ቦርድ አይቃጠልም ማለቴ አይደለም። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ቫሪስተር ሲሰነጠቅ፣ 2,000 ዋት ማሞቂያ 9 አምፔር በሚስብበት ሪሌ ሥር የሊድ ብየዳው ሲጠቁር ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። እነዚያ ግን አብዛኛውን ጊዜ በዓይን ይታያሉ፤ የእኔው ቦርድ ንጹሕ ነበር።

ለቤቱ ትንሽ የግፊት ፓምፕ ገጠምን። የቦርዱን ዋጋ ልክፈል ብል እናትየዋ እምቢ አሉ፤ አዲሱን ቦርድ ለማስተማሪያ ሰጡኝ። ይኸው ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ቫልቩና መልቲሜትሩም አጠገቡ አሉ። ከጥያቄዎቻችሁ በኋላ ማገናኛውን ነቅላችሁም ሰክታችሁም ለኩት።