ከመልሱ ይልቅ መንገዱን ስለ መመርመር
በሰንጠረዥ ምሳሌነት ለመንደር ተማሪ ቤቶች መምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተዘጋጀ ንግግር

የአንድ ተማሪ ዕውቀት የሚታወቀው በመልሱ ብቻ አይደለም፤ ወደ መልሱ በደረሰበት መንገድ ጭምር ነው እንጂ። ሁለት ልጆች ለአንድ የሒሳብ ጥያቄ አንድ ዓይነት መልስ ይጽፋሉ። አንደኛው አስቦ አግኝቶታል፤ ሁለተኛው ግን ገምቶ ወይም ከጓደኛው አይቶ ጽፎታል። መምህሩ የተጻፈውን ቁጥር ብቻ አይቶ ሁለቱንም እኩል ያመሰግን እንደ ሆነ፥ በማግሥቱ ጥያቄው ጥቂት በተለወጠ ጊዜ የሁለተኛው ልጅ ባዶነት ይገለጣል። ጉዳቱም የመምህሩ ሳይሆን የልጁ ይሆናል። ይህን ነገር ገልጦ ለማሳየት የሰንጠረዥ ጨዋታ መልካም ምሳሌ ነው።

ሰንጠረዥ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። ዐፄ ልብነ ድንግል ከቬኒስ ከመጣ ሰው ጋር ይጫወቱ እንደ ነበር ተጽፏል። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልትም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1805 ዓ.ም. ወደ ትግራይ በመጣ ጊዜ ራስ ወልደ ሥላሴ ሲጫወቱ በዓይኑ አይቶ ጽፏል። በአገራችን ሥርዓት የሰንጠረዡ ሠራዊት ንጉሥ፥ ፈርዝ፥ ፊል፥ ፈረስ፥ ደርና መደቅ ይባላል። በመጀመሪያ ተራ መጠበቅ የለም፤ የመጀመሪያው ምርኮ እስኪያዝ ድረስ ሁለቱ ተጫዋቾች እንደ ወደዱ ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ፤ ይህም ወረራ ይባላል። ደግሞም ማሸነፍ ብቻውን አያስከብርም ነበር። በኃይለኛው በደር ንጉሥን ከመያዝ ይልቅ በደካማው በፊል ወይም በመደቅ መያዝ የበለጠ ያስመሰግን ነበር። እንግዲህ አባቶች ከድሉ ይልቅ የድሉን መንገድ ይመዝኑ ነበር ማለት ነው።

ዛሬ በዓለም ሁሉ በሚታወቀው ሰንጠረዥ ፈርዝ በንግሥት ተተክታለች፤ እርሷም በቀጥታ፥ በአግድምና በሰያፍ እስከ ወደደችው ድረስ ስለምትሄድ ከሁሉ ኃይለኛ ናት። በዚህ ጨዋታ ሰውን የሚያሸንፍ የሒሳብ መኪና፥ ማለት ኮምፒዩተር፥ ተሠርቷል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1950 ዓ.ም. አሜሪካዊው ሊቅ ክሎድ ሻነን መኪና እንዴት ሰንጠረዥ ሊጫወት እንደሚችል በጽሑፍ አስረዳ። ነገሩም ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው መቍጠር ነው፤ ይኸውም እኔ ይህን ባደርግ ባላጋራዬ ምን ያደርጋል፥ ከዚያስ በኋላ እኔ ምን አደርጋለሁ እያሉ ወደ ፊት መሄድ ነው። ሁለተኛው መመዘን ነው፤ ይኸውም ቍጥሩ በቆመበት ስፍራ ማን እንደሚበልጥ መገመት ነው። ለሚዛኑም ወታደር 1፥ ፈረስ 3፥ ደር 5፥ ንግሥት 9 ተብሎ ዋጋ ይሰጣል። ነገር ግን በአንድ ተራ 30 ያህል ምርጫ ስላለ፥ የሁለቱ ወገን አንድ አንድ እርምጃ ብቻ ወደ 1,000 የሚጠጋ መንገድ ይከፍታል። ስለዚህ ማንም ቢሆን እስከ መጨረሻው ሊቈጥር አይችልም፤ አንድ ስፍራ ላይ መቆም ግድ ይሆንበታል።

ዲፕ ብሉ የተባለው መኪና በአውሮፓ አቆጣጠር በ1997 ዓ.ም. የዓለሙን አሸናፊ ጋሪ ካስፓሮቭን በ6 ጨዋታ 3½ ለ2½ ሲያሸንፍ፥ በአንድ ሴኮንድ 200 ሚሊዮን ያህል አሰላለፍ ይመለከት ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2017 ዓ.ም. የተገለጠው አልፋዜሮ ግን ከራሱ ጋር እየተጫወተ ተምሮ፥ በሴኮንድ 80 ሺህ ያህል ብቻ እያየ፥ 70 ሚሊዮን ያህል የሚያየውን ስቶክፊሽን አሸነፈ። ከዚህም ብዙ መቍጠር ብቻውን ጥበብ እንዳልሆነ፥ የሚቈጠረውን መርጦ ማወቅ ደግሞ ታላቅ ነገር እንደ ሆነ ይታያል።

እነዚህን መኪኖች የሚመረምሩ ሊቃውንት አስቸጋሪ አሰላለፍ ያቀርቡላቸዋል። ኮፔክና ብራትኮ የተባሉት ሁለት ሊቃውንት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1982 ዓ.ም. ለዚሁ ሥራ 24 አሰላለፎች አዘጋጅተዋል። ጥሩ መርማሪም መኪናው የመረጠውን እርምጃ ጽፎ አይተወውም፤ ከስንት እርምጃ ቍጥር በኋላ እንዳገኘው፥ ጊዜ በተጨመረለትም ጊዜ አሳቡን እንደ ለወጠ ያስተውላል። ሆላንዳዊው አድሪያን ደ ግሮትም አስቀድሞ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1946 ዓ.ም. ይህንኑ በሰው ላይ አድርጎታል፤ ተጫዋቾቹን በልባቸው የሚያስቡትን ጮኸው እንዲናገሩ እየጠየቀ መረመራቸው።

ነገሩ በምሳሌ እንዲታይ ከዚህ ቀጥሎ ያለውን አሰላለፍ መምህሩ በመሬት ላይ ሥሎ በጠጠር ያቁመው። ዓምዶቹ ከነጩ ግራ፥ ረድፎቹም ከነጩ በኩል ጀምረው ከ1 እስከ 8 ይቈጠሩ። የነጩ ንጉሥ በ7ኛው ዓምድ በ1ኛው ረድፍ ይሁን፤ በ2ኛው ረድፍ ደግሞ በ6ኛው፥ በ7ኛውና በ8ኛው ዓምድ ሦስት ወታደሮች ይቁሙ። ደሩ በ5ኛው ዓምድ በ1ኛው ረድፍ፥ ንግሥቲቱም በ4ኛው ዓምድ በ3ኛው ረድፍ ትሁን። የጥቁሩ ንጉሥ በ7ኛው ዓምድ በ8ኛው ረድፍ ይሁን፤ ሦስት ወታደሮቹ በ7ኛው ረድፍ በ6ኛው፥ በ7ኛውና በ8ኛው ዓምድ ይቁሙ። ደሩ በ4ኛው ዓምድ በ8ኛው ረድፍ፥ አራተኛው ወታደሩ በ4ኛው ዓምድ በ5ኛው ረድፍ፥ ንግሥቲቱም በ2ኛው ዓምድ በ2ኛው ረድፍ ትቁም። ተራው የነጩ ነው። ጥያቄው፥ የነጩ ንግሥት በፊቷ ያለውን የጥቁር ወታደር ትብላን ወይስ ትተው የሚል ነው።

አንድ እርምጃ ብቻ የሚቈጥር ተማሪ፥ «ትብላው፤ 1 እናገኛለን» ይላል። ሁለት እርምጃ የሚቈጥረው፥ «አይሆንም፤ የጥቁሩ ደር ወታደሩን ይጠብቀዋልና ንግሥቲቱን ይበላታል፤ 1 አግኝተን 9 እናጣለን» ይላል። ሦስት እርምጃ የሚቈጥረው ግን፥ «የጥቁሩ ደር ንግሥቲቱን ሊበላ ቢወርድ 8ኛው ረድፍ ባዶ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ደራችን በ5ኛው ዓምድ እስከ 8ኛው ረድፍ ወጥቶ ንጉሡን ይይዘዋል፤ ንጉሡም በገዛ ወታደሮቹ ታጥሯልና መውጫ የለውም» ይላል። አራት የሚቈጥረው ደግሞ፥ «ጥቁሩም ይህን ያያልና ንግሥቲቱን አይበላም፤ ደሩን ይጠብቃል። እንግዲህ ትርፋችን አንድ ወታደር ነው፤ ትብላው» ብሎ ይወስናል።

እነሆ፥ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ተማሪ መልስ አንድ ነው፤ ትርፉም እንኳ ያው 1 ነው። የአንደኛው ግን ስስት ሲሆን የሌላው ማስተዋል ነው። ይልቁንም ተሳስቶ «አይሆንም» ያለው ሁለተኛው ተማሪ፥ ትክክል ከመለሰው ከመጀመሪያው ይልቅ አስቧል። መልሱን ብቻ የሚያይ መምህር ሰነፉን ሸልሞ ትጉሁን ይቀጣል። የጥቁሩ ደር ከንጉሡ አጠገብ በ6ኛው ዓምድ የቆመ ቢሆን፥ ወታደሩንም በደሩ ፈንታ የጥቁሩ ንግሥት ብትጠብቀው፥ የመጀመሪያው ተማሪ ያው «ትብላው» ብሎ ንግሥቱን ያጣ ነበር።

ስለዚህ ዛሬ በእጅ ስልክ ውስጥ ስቶክፊሽን የሚያገኝ ተማሪ አደጋ አለበት። መኪናው እርምጃውንና አንድ ቍጥር ያሳየዋል፤ ምክንያቱን ግን ልጁ ራሱ ካልፈለገው አያገኘውም። ልጁ አስቀድሞ የራሱን አሳብ ተናግሮ፥ ከዚያ በኋላ መኪናውን ቢጠይቅ መኪናው መምህር ይሆንለታል። አስቀድሞ መኪናውን ቢጠይቅ ግን ጌታው ይሆንበታል።

ደግሞ በሰንጠረዥ ላይ ሁሉ ነገር ፊት ለፊት ይታያል፤ በዓለም ግን እንዲህ አይደለም። በቡሬ የነበረው የኢጣልያ ጦር በ1933 ዓ.ም. በየካቲት ወር፥ በዊንጌት ከሚመራው ጦርና ከአርበኞች ይልቅ በቍጥር እጅግ ይበልጥ ነበር። ነገር ግን የተቃራኒውን ኃይል አብዝቶ ገምቶ ምሽጉን ለቀቀና ፍኖተ ሰላም ባለችበት መንገድ ወደ ደምበጫ ሸሸ። ቍጥሩ ቢሰምር እንኳ ሚዛኑ ከተሳሳተ ውሳኔው ይጠፋል። ለጎረቤታሞች የወሰን ክርክር የሚፈርዱ ሽማግሎችም ይህን ያውቃሉ፤ የተሰወረውን ሳይጠይቁ የታየውን ብቻ አይመዝኑም።

ለጎጃም ሰው ይህ ትምህርት አዲስ አይደለም። በዋሸራና በሌሎቹ የቅኔ ቤቶች ተማሪ ቅኔ ሲቈጥር መምህሩ የቤቱን መምታት ብቻ አይሰማም፤ ሰሙ የቱ ነው፥ ወርቁስ የቱ ነው፥ አገባቡስ እንዴት ነው ብሎ ይመረምራል። የመንደር ተማሪ ቤት መምህርም በሒሳብ ቢሆን በንባብ ይህንኑ ልማድ ይያዝ። ተማሪው በመለሰ ጊዜ፥ ስለ ምን እንዲህ አልህ፥ የሚቃወምህ ቢኖር ምን ይላል፥ ከዚያስ ምን ትመልሳለህ ብሎ ሦስት ጊዜ ይጠይቀው። ትክክል የመለሰውንም የተሳሳተውንም እኩል ይጠይቅ፤ የሚጠየቀው የተሳሳተ ብቻ ከሆነ ልጆች ጥያቄን እንደ ቅጣት ይፈሩታልና።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። አንድ ጥያቄ በሦስት መንገድ የተመረመረበት ሰዓት፥ ሠላሳ መልስ ያለ ምክንያት ከተጻፈበት ሰዓት ይልቅ ይጠቅማል። ልጁ አድጎ በእርሻው፥ በንግዱና በሸንጎው ሲቆም መልሱን ከኋላው የሚነግረው ሰው አይኖርምና፥ መንገዱን ዛሬ ይማር።