የአስፈሪ ፊልም ፍጻሜ

አስፈሪ ፊልም በደምና በጩኸት ብዛት ሳይሆን በፍጻሜው ብርታትና በተዋንያኑ ትጋት እንደሚከብር ለመረዳት፣ ሮቢን ሃርዲ ያዘጋጀውንና በ1973 እ.ኤ.አ. የወጣውን «ዘ ዊከር ማን» የተባለ የብሪታንያ ፊልም መመልከት ይበቃል። የጠፋች ልጃገረድ ሊፈልግ ወደ አንዲት የስኮትላንድ ደሴት የተሻገረው፣ በክርስትና ሃይማኖቱ ጽኑዕ የሆነው የፖሊስ ሳጅን ሃዊ፣ ሕዝቡ አምልኮተ ጣዖትን የሚከተል መሆኑን ካወቀ በኋላ፣ ፈላጊ ነኝ ሲል ተፈላጊው መሥዋዕት እርሱ ራሱ ኖሮ፣ ከቀጫጭን እንጨት በሰው አምሳል በተጎነጎነ ግዙፍ ምስል ውስጥ ተዘግቶበት በእሳት ይቃጠላል። ሃዊን የሚጫወተው ተዋናይ ኤድዋርድ ውድዋርድ በዚያች ሰዓተ ሞት ድምፁ በፍርሃት እየተሰበረ የዳዊትን መዝሙር ሲያሰማ፣ ከታች የቆሙት መንደርተኞች በበኩላቸው ክንድ ለክንድ ተያይዘው በፍጹም ደስታ ሲዘፍኑ፣ ተመልካቹን የሚያስደነግጠው ነበልባሉ አይደለም፤ ሁለቱም ወገኖች ከልባቸው ማመናቸው ነው። የምስሉ ራስ ተቃጥሎ ወድቆ በስተኋላው የምትጠልቀው ፀሐይ እስክትገለጥ ድረስ ምሕረት የለም። ክሪስቶፈር ሊ ደግሞ የደሴቲቱ ጌታ ሆኖ ያለ ደመወዝ ሲጫወት፣ ጭካኔን በቁጣ ሳይሆን በደግ አስተናጋጅ ፈገግታ ገልጦታል። ሳጅኑ በመጨረሻዋ ደቂቃ አምልጦ ቢሆን ኖሮ፣ ፊልሙ ተራ የፖሊስ ታሪክ ሆኖ በቀረ ነበር።